ወንበር የለበሰው የሞተር ሽፋን

ለክቡር ራ ሞቲቤዲ፣ የአውራጃችን አየር ማረፊያ ኃላፊ፤
ባሉበት።

እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ከብቶችዎ እንደምን ሰነበታችሁ? ዝናብ ይውረድላችሁ። እኔ የደሴታችን ጤና ጣቢያ ነርስ ኬፊልዌ ደኅና ነኝ፤ ይህን የምጽፈው ግን ቆሜ ነው፤ መቀመጥ አልቻልሁም። አንድ ጆሮዬ ሰማይ ላይ ነው፣ አንዱ ጋኦኔ ላይ። ጋኦኔ ከንጋት ጀምሮ በምጥ ላይ ናት፤ ልጁ አግድም ስለተኛ ያለ ቀዶ ሕክምና አይወጣም፣ እሷም መድማት ጀምራለች። ጎርፉ መንገዱን ስለዋጠው በታንኳ ብንወስዳት አትደርስም። የቀራት ባለፈው ሳምንት በመንደራችን ሸንጎ ተገኝተው የመረቁልን የበሽተኛ አውሮፕላን ብቻ ነው።

ስለዚህ ምስጋናዬን በየተራው ላቅርብ።

፩ኛ፦ ለእንግዶች መቀመጫ ስለ መጨነቅዎ። አውሮፕላኑ ሲቆም ወፍ እንዳይገባበት ሞተሩ የሚለብሳቸውን ቀያይ ሽፋኖች አስወልቀው በሸንጎው ዛፍ ሥር ያሉትን ወንበሮች ስላለበሱልን እጅ እንነሣለን። ፓይለታችን ሞዲሪ «ራ፣ ጌታዬ፣ እነሱ እኮ ጌጥ አይደሉም» ቢልዎ፣ «አንተ፣ ሚኒስትሩ ባዶ ፕላስቲክ ላይ ይቀመጡልህ?» ብለው አፉን ሲያስይዙት ሁላችንም ሰምተናል። እውነት ነው፤ ሞተር ብርድ አይመታውም፣ የባለሥልጣን መቀመጫ ግን ይመታዋል።

፪ኛ፦ አውሮፕላኑ ወደ አየር ማረፊያዎ ሲመለስ ሽፋኖቹን እዚሁ ስለ መተውዎ። እንግዳ በሸንጎአችን ያስቀመጠውን ያለ እርሱ ፈቃድ ማንሣት ነውር ነውና ሽማግሌዎቹም እኔም አልነካናቸውም። ሞዲሪ ሊወስዳቸው ፈቃድዎን ደጋግሞ ቢጠይቅ እርስዎ «ምን ያጣድፍሃል?» አሉት። ይኸው፣ የሚያጣድፈው መጣ።

፫ኛ፦ ለወፎች ቤት ስለ መስጠትዎ። ዛሬ በሬዲዮ ስጠራው ሞዲሪ የመለሰልኝን ልንገርዎ፦ «እናቴ፣ ማ ኬፊልዌ፣ ሞተሩን ሣር ሞልቶታል! ወፎቹ ጎጆ ሠርተውበታል። እንዲሁ ብነሣ አየር ላይ ይነድብኛል። ክዳኑን ፈትቼ እየጠረግሁ ነው፤ ትንሽ ያቆዩልኝ።» ምኑን ላቆይ? ምጥ በቀጠሮ አይሄድም። ክቡርነትዎ፣ ፈርቻለሁ።

፬ኛም ነበረኝ፤ ጋኦኔ ስለጠራችኝ ይቆየኝ።

ወንበርዎ እንዳይቀዘቅዝ ዘወትር የምትመኝልዎ፣ ታዛዥዎ፣
ነርስ ኬፊልዌ፣ ከውኃው ማዶ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሞዲሪ መጥቶ ወሰዳት። በሩ ሲዘጋ የልጁ ልብ ገና ይመታ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም፣ ሬዲዮው ሥር ቆሜ እየጠበቅሁ ነው። ነውሩን በራሴ ላይ አድርጌ ሽፋኖቹን ከወንበሮቹ ገፍፌ ለሞዲሪ ሰጥቻለሁ። የቀረው የእርስዎ ወንበር የለበሰው ብቻ ነው፤ ጋኦኔን እስከ አውሮፕላኑ የተሸከምናት በእርሱ ነበርና ደሟን ጠጥቷል። አጥቤ ለሚቀጥለው ምረቃ እልክልዎታለሁ። ባይለቅም አይሳቀቁ፤ ቀይ ላይ ደም አይታይም።