ዳኒ ዲስኮቼን አንድ ሲያደርጋቸው

ማክ. ሰኔ 9፣ 2012፤ ጠዋት

ለመጽሔቱ የምልከው ጽሑፍ አላለቀም። ይጠብቁ። ደሜ ፈልቷል፤ ላንቺ ካልሆነ ለማን ልናገር፣ ማስታወሻዬ።

ዳኒ። እዚሁ ዓረብ አገር፣ አል መጃዝ ሰፈር አብሮን የተከራየው፣ ኮምፒውተር አውቃለሁ ባዩ ዳኒ። ትናንት ከሥራ ስመለስ ሦስቱን ዲስኮቼን አዋህዶ ጠበቀኝ። ትልቁን፣ መካከለኛውን፣ ያችን አሮጌ ትንሿንም። አሁን ስከፍተው አንድ ሰፊ ዲስክ ብቻ ነው የሚታየው። ሦስት ጓዳ ከምታስተዳድሪ አንድ አዳራሽ ይሻልሻል ይለኛል፣ እየሳቀ። ማን ጠየቀህ?

ለመዋሃድ ደግሞ መጀመሪያ ባዶ መሆን አለባቸው አሉ። ያየውን ሁሉ ወደ ሌላ ገልብጦ፣ ዲስኮቹን አጥፍቶ፣ መልሶ ጫነ። ትንሿ ላይ ግን ምንም አላየም። ደብቄው ነበራ።

የደበቅኩት የየሺን እናት ቀብር ነው።

ማክ. ምሽት

በረድ ስላልኩ ልጻፈው። የሺ ጎረቤት ከተማ አጅማን የሰው ቤት ትሠራለች። ስልኳ ሲሞላባት አርብ እየመጣች ፎቶዋን እኔ ኮምፒውተር ላይ ታራግፋለች። እናቷ የካቲት ላይ አረፉ። ወንድሟ ቀብሩን በስልኩ ቀርጾ፣ እዚህ ዴራ ገበያ ዕቃ ሊገዛ ከአገር ቤት በሚመጣ ነጋዴ በሚሞሪ ካርድ ላከልኝ። ለፋሲካ ስትመጣ እኛው እናረዳታለን፣ እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትዪ አለኝ። እውነቱን ነው፣ በስልክ መርዶ የት አለ? ከዚያ ኮሮና መጣ፣ አውሮፕላን ቆመ። ይኸው እስከ ዛሬ ስለ እናቷ ስትጠይቀኝ ደህና ናቸው እላለሁ።

ካርዱን ነጋዴው መልሶ ወሰደው። የወንድሟ ስልክ ተሰርቋል። የቀረው የኔ ብቻ ነበር።

ረቡዕ

አል ሪጋ ያለ ኮምፒውተር ጠጋኝ ጋ ደወልኩ። ዳኒ ባዋሃደው መንገድ ፋይል የሚሞላው ከትልቁ ጀምሮ ስለሆነ ትንሿ ጋ ገና ሳይደርስ አይቀርም፣ ቪዲዮው ሊወጣ ይችላል አለኝ። እሑድ ላምጣው። እስከዚያ ምንም እንዳልጭንበት፣ ጭራሽ እንዳልከፍተው።

ለዳኒ ነገርኩት። ሙሽኪላ የለም አለ፣ ችግር የለም ማለቱ ነው። ሙሽኪላው አንተ ነህ አልኩት። ምሳውን ትቶ ክፍሉ ገባ። ይግባ።

ሐሙስ፣ ከሰዓት

የሺ ደወለች። ነገ ልትመጣ፣ ስልኳን ልታራግፍ፣ እናቷ ለጥምቀት የተቀረጹትን ቪዲዮ ልታይ። ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል አልኳት። ከዚያ፦

«እትዬ፣ እማዬን ስፈልጋት ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፣ ጎረቤት ናት ትሉኛላችሁ። አሁን ደግሞ ኮምፒውተሩ። ዋላሂ፣ ምንድን ነው የምትደብቁኝ?»

የሆነ ነገር ቀባጠርኩና ዘጋሁ።

ለወንድሟ ደወልኩ። አሁንም ይቆይ ይላል። ይቆይ! ድምጿን የሚሰማው ማን ነው፣ እሱ ወይስ እኔ? ጮህኩበት። እንዲህ ጮኼም አላውቅ።

ሐሙስ፣ ምሽት

ኸላስ፣ በቃ። አሠሪዋን፣ ማዳሟን፣ ነገ እንድታስገባን ደውዬ ለመንኳት። ማስክ አድርጉ፣ ግቢው ውስጥ ሁኑ አለችኝ። ሁለት የማኅበር እህቶች አብረውኝ አሉ። ነገ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ አጅማን ነን። ቪዲዮው ይውጣ አይውጣ እሑድ ይታወቃል፤ መርዶውን ግን ከዚህ በላይ አላሳድረውም። ነጠላዬን የማዘቀዝቀው ከታክሲ ስወርድ ነው። በሩን ከፍታ ሦስታችንን እንዲያ ስታየን፣ ገና ምንም ሳንናገር ታውቀዋለች።