የመጨረሻዋ አካፋይ

ሐርጌሳ፣ ማክሰኞ ኅዳር 14 ቀን 2014

አባባ ዛሬ ደወለ!

ጦርነቱ የወሎን ስልክ ከቆረጠው ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም ነበር። የሒሳብ አስተማሪ አይደል፣ በመጨረሻው ስልካችን የሰጠኝ የቤት ሥራ ነበር። «አንድ ሚሊዮን ሦስት ብቸኛ ቁጥር ነው? ከአንድና ከራሱ ሌላ አካፋይ ካለው ፈልጊው፤ ግን በእጅሽ።»

እስከ አንድ ሺህ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል። ከሺህ የሚበልጥ አካፋይ ቢኖረው ጥንዱ ከሺህ በታች መገኘቱ አይቀርም። ከምሠራበት ካፌ በማመጣው የብስኩት ካርቶን ላይ ሳካፍል ከረምኩ። ሁሉም ቀሪ አላቸው። 997 ብቻ ቀረች፤ እሷ ላይ ግን እጄ እምቢ አለ። ከጨረስኩ አባባን የምጠብቅበት ነገር የሚያልቅብኝ መሰለኝ።

ዛሬ እዚሁ ሐርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር የሚባለው ሰፈር፣ ካፌው ውስጥ ሳህን ሳጥብ ስልኬ ጮኸ። በሳሙና እጄ አነሳሁት።

«ኔትወርክ ፍለጋ ተራራ ወጥቼ ነው። ሁላችንም ደህና ነን። ጨረስሽው?»

«997 ቀርታኛለች፣ አባባ።»

ሳቀ።

«እኔም እሷን ትቻታለሁ። እንዳትነኪያት! ስንገናኝ አብረን...»

ተቋረጠ።

ቤት ስገባ ለጽጌ ነገርኳት፤ አንድ ክፍል ተከራይተን ነው የምንኖረው። «ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? በስልኬ አሁኑኑ ላውጣልሽ» ብላ ቁጥሩን መጻፍ ስትጀምር ስልኩን ነጠቅኳት። አኮረፈች። ታኩርፍ።

ካርቶኑን ከፍራሼ ሥር አስገብቼዋለሁ። ነገ ሁለት እርሳስ እገዛለሁ።