የዳዊት ጆሮና የጌም ቤቱ ማሽን

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ
ዛሬም ተሸነፈ። ከመ/ቤት ስገባ ዳዊት ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ፊቱ ልክ አይደለም።

ደብተሬ፣ ይህን ጣጣ ያመጣሁት እኔው ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ዐይኑ ከጠፋ ወዲህ ሳቁ ናፍቆኝ። በልጅነቱ ልደታ ቤ/ክ አጠገብ በነበረው ጌም ቤት የሚደርስበት አልነበረም። ዐይኑን በሻሽ አስረውት እንኳ የድብድቡን ጌም በድምፅ ብቻ ያሸንፍ ነበር። ስለዚህ ጎረቤታችን ጌዲዮን የድሮ የጌም ማሽኖችን አስመስሎ የሚያጫውተውን ፕሮግራም፣ ኢሙሌተር የሚሉትን፣ ሲጭንልኝ እሰይ አልኩ።

አሁን ግን ባላንጣው ሲዘል አይሰማኝም ይላል። ከጌሙ ጋር የሚጮኸውን ዘፈንም አላስታውሰውም አለ፤ ያኔ በልጆቹ ጫጫታ ተውጦ ይሆናል።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ
ከብሬል ትምህርቱ ቀረ። ሜክሲኮ ድረስ ብቻውን በዘንጉ ይሄድ የነበረ ሰው! (ብቻውን እንኳ አይደለም። ከኋላው በርቀት እከተለዋለሁ፣ ከመ/ቤት እያስፈቀድኩ። እሱ አያውቅም።) ለምን ብዬ ወተወትኩት። ኋላ ተነፈሰ። ጆሮዬም እየሄደ ነው፤ አንድ ዝላይ ያልሰማሁ ሰው መኪናውን ሰምቼ ልሻገር ነው? አለኝ። ሐኪም ጋ እንሂድ ብለው አሻፈረኝ አለ። ከዐይን ሐኪሙ የሰማው ይበቃዋል።

ቅድም ከኩሽና ስወጣ የእጅ ሰዓቴን ጆሮው ላይ ለጥፎ አገኘሁት። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ። ኮሽ ሳላደርግ ተመለስኩ። ፈራሁ፣ ደብተሬ።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ
ጌዲዮንን ጠራሁት። ጸሎቴ አንድ ነው፦ ፕሮግራሙ ይሳሳት፣ ጆሮው ይዳን። ጌዲዮን ቅር አለው። ድምፁ ይዘገይ እንደሆነ ፈተሸ፤ አይዘገይም። እያንዳንዱ ቺፕ አንድ በአንድ ተቀድቷል፣ ከፋብሪካ የወጣው ማሽን ራሱ ነው ይላል። ዳዊት እዚያው ተቀምጦ ይሰማል።

"እንግዲያው ጥፋቱ የኔ ነው" አለና ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ቀስ ብሎ። ቢወረውረው ይሻለኝ ነበር። ጆሮውም ከሄደ በምን አዋራዋለሁ?

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ
ዛሬ ልደታ ናት። ቤ/ክ ስሜ ስመለስ እትዬ ዘነበችን አገኘኋቸው። የጌም ቤቱ ባለቤት የነበሩት። አሁን በሩ አጠገብ ጧፍ ይሸጣሉ። ዳዊት እንዴት ነው ቢሉኝ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ዘፈኑ ጆሮ ያደነቁራል ስላቸው ግራ ገባቸው።

"የምን ዘፈን? የኔ ማሽን መቼ ዘፈን ነበረው!"

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘፈኑ በቅዳሴ ሰዓት ቤ/ክ ድረስ እየገባ ሰፈሩ ተነሣባቸው። ድምፁን ሲቀንሱት ቡጢውም አብሮ ጠፋ፤ ልጆቹ አኮረፉ። በመጨረሻ ጥገና የሚሠራላቸው ሰው የዘፈኑን ቺፕ ብቻ ነቅሎ ገላገላቸው። ዳዊት ጌም ቤቱን የለመደው ከዚያ ወዲህ ነው። እኔማ በምን ልወቅ፣ ሴት ልጅ ጌም ቤት ምን ትሠራለች ተብዬ ደጁንም አልረገጥኩ።

የገዛሁትን ጧፍ እዚያው ረስቼ ሮጥኩ።

ያው ቀን፣ 11 ሰ.
ጌዲዮን የዘፈኑን ቺፕ ድምፅ ዜሮ አደረገው። እያጉረመረመ። ይሄ እኮ ትክክለኛው ማሽን አይደለም፣ አበላሻችሁት እያለ። ይበላሽ! ቤቱ ጭር አለ። ኮቴ። ቡጢ። ከዚያ "ህ" የምትል አጭር ትንፋሽ፣ እኔም ሰማኋት፤ ባላንጣው ዘለለ ማለት ነው። ዳዊት አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጠበቀውና ጣለው። ደግሞ ጣለው። ጌዲዮን ራሱ ልግጠምህ ብሎ ገባ፤ እሱንም ጣለው። ሳቀ፣ ደብተሬ! እኔ አለቀስኩ።

ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ፣ ጠዋት
ዘንጉን አነሣ። ብሬል ሊሄድ ነው። እኔ እንደ ልማዴ ጫማዬን አጥልቄ ራቅ እስኪል እጠብቃለሁ። ደረጃው ላይ ቆም አለ። ሳይዞር፣ ዛሬ አትከተዪኝ አለኝ። የግራ ጫማሽ ተረከዝ ላልቷል፤ ሁልጊዜም እሰማሽ ነበር፣ ጆሮዬን እስክጠራጠር ድረስ።

ክው አልኩ። አሁን ወርዷል። ዘንጉ ግቢው ውስጥ ይሰማኛል። ቋ፣ ቋ። አሁን የመንገዱ ጩኸት ዋጠው። ሜክሲኮ ያ መሻገሪያ አለ። አንድ እጄ በሩ ላይ ነው።

ጫማዬን አወለቅኩና አልጋ ሥር ገፋሁት።