ሐላዋ የተጠቀለለበት መጽሔት

እንደሻው፣

ቁልፉ እማማ ገላነሽ ዘንድ ነው።
ወተቱን አፍልቼዋለሁ፤ ሲበርድ ክደነው።

ትናንት ያመጣህልኝን ሐላዋ እያጣጣምሁ ሳለ መጠቅለያው ላይ የተራራችንን የሐኪም ጋራን ስም በፈረንጅ ፊደል አየሁ። መጠቅለያው ከሚሲዮኑ መጻሕፍት ቤት የተዋስሁት፣ ስለ ድንጋይና ስለ መሬት የሚጻፍበት መጽሔት ነው። ገጾቹ ጫፋቸው እንደተያያዘ ስለነበር ማንም የማይፈልገው ወረቀት መስሎህ ፈላና በር ላለችው ሐላዋ ሻጭ ለዐብላ ሰጥተህ በሐላዋ ለወጥኸው። አዲስ ሲሆን እንዲያ ነው የሚመጣው፤ በቢላ የሚከፍተው አንባቢው ነው። ስነግርህም፣ «ድንጋይ ለማየት ወረቀት ምን ያደርግልሃል? ጀጎል ሙሉውን ድንጋይ አይደለም ወይ?» ብለህ ሳቅህ።

ስለ ጋራው የተጻፈው ጽሑፍ ተከታይ ያለበት መጽሔት መጥቷል። መጻሕፍት ቤቱን የሚጠብቁት አባ ግን የፊተኛው ሳይመለስ ሌላ አያውሱም። ሁለቱን ተርጉሜ ካሳየሁት ያ ድንጋይ አጥኚ ፈረንጅ ለሥራ እንደሚወስደኝ ታውቅ ነበር።

አሁን ወደ አባ እየሄድሁ ነው። ስምህን አላነሣም።
ለእኔ ብለህ እንዳመጣኸው አውቃለሁ።

የተረፈው ሐላዋ ሳሕኑ ላይ አለ፤ ብላው።
መጠቅለያውን ወስጄዋለሁ።

ኪዳነወልድ