አባትሽ የሄደበት ነጻ ቁርስ

ኮሪን ልጄ፣ ጌታ ባለሽበት አገር ከብርዱም ከክፉ ሰውም ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን፤ የፍሎሪዳ ፀሐይ ብቻ አናት ይበሳል።

ጎረቤታችን ሚስስ ኦዴል፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ የመዝናኛ ሆቴል ነጥቧን፣ ማለት በየዓመቱ እዚያ የማረፍ መብቷን፣ ልትሸጥልን ተስማምታለች። በነጥቡ በየዓመቱ ባሕር ዳርቻ አንድ ሳምንት እናርፋለን፤ አንቺም ትመጫለሽ ብዬ ነው። "ዓመታዊ ክፍያው አንገሸገሸኝ፣ በነጻ ውሰጂው" ብትለኝ እምቢ አልኩ። ዋጋው በጣም ከወረደ የሆቴሉ ኩባንያ "የመግዛት ቅድሚያ የኔ ነው" ብሎ ይወስደዋል፤ ደግሞም የመበለት ንብረት በነጻ አይበላም። የገበያውን ዋጋ ቆረጥኩላት፤ አሁን የኩባንያውን ፈቃድ እየጠበቅን ነው።

አባትሽ ግን ዛሬ ጠዋት ኩባንያው አዲስ ነጥብ ለመሸጥ ለገዢ ወደሚያዘጋጀው ነጻ ቁርስ ሄደ።

"ዌንደል፣ ያንኑ ነጥብ በአሥር እጥፍ ነው የሚሸጡልህ!" ብዬ ብነግረው፣

"እንቁላሌን በልቼ፣ ስጦታዬን ተቀብዬ እወጣለሁ። እኔን ማን ያሞኘኛል?" አለኝ።

ባለፈው እንዲህ ብሎ ወጥቶ ጀልባ ገዝቶ ነው የመጣው፤ እስከ ዛሬ ጓሮ ቆሟል።

ምሳ ሰዓት አለፈ፤ ስልክ አያነሳም።

ቆይ፣ አሁን መልእክት ላከ። "ሻምፓኝ ከፈቱልኝ" ይላል።

ልጄ፣ እዚያ ሻምፓኝ የሚከፈተው ለፈረመ ሰው ነው። ሕጉ ውሉን ለመሰረዝ ጥቂት ቀን ይሰጣል። የኔን አይሰማም፣ አንቺን ግን እምቢ አይልም፤ እባክሽ ደውለሽ ውሉን እንዲሰርዝ ንገሪው። ጌታ አንደበትሽን ያጣፍጥልኝ። እኔ እንደነገርኩሽ ብቻ እንዳያውቅ።

እናትሽ ቨርና