መስታወቱ ምን ያህል ይጥቆር

ሰኞ፣ የካቲት 7 ቀን 1997

ጥቁሩን አልለጥፍም አልኩ፤ አለቀ።

ሀብቴ ሦስቱን የመኪና መስታወት ላስቲክ በየትንሹ ቆርጦ እጄ ላይ እያገላበጠ አሳየኝ። "ጋሼ አንጁሎ፣ ይኸ ቀላሉ ነው። ይኸ መካከለኛው። ይኸኛው ደግሞ የባለሥልጣን ነው፤ ውስጥ ተኝተው ቢያንኮራፉ እንኳ የሚያይዎት የለም።" እኔ መኪና ውስጥ አላንኮራፋም አልኩት። ሳቀ። የሀብቴ አባት ከጉራጌ አገር መጥቶ ወላይታ ሶዶ ቤት የሠራ ሰው ነበር። ልጁ የመኪና ወንበር ያለብሳል፣ መስታወት ያጠቁራል፣ ዝም ማለት ግን አልተማረም።

የአማረች ፊት ፀሐይ አይችልም። ነገሩ ሁሉ ከዚህ ይነሣል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ፀሐይ ሲነካት ጉንጮቿ ላይ ቀይ ሽፍታ ይወጣል፣ ይቆስላል፣ ሲድን ነጭ ጠባሳ ይተዋል። ኦቶና ሆስፒታል ያያት ሐኪም ቅባት ሰጣት፤ በሽታው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ብቻ ከፀሐይ ራቂ አላት። ራቀች። ከሰውም አብራ ራቀች።

ቅዳሜ ሠርግ አለ፤ ቤሌ ከተማ። የታናሽ እህቷ የወርቄ ልጅ ናት የምታገባው። ልጅቷ ሶዶ ስትማር ያደገችው እኛ ቤት፣ በአማረች እጅ ነው። አማረች ካልሄደች ሠርጉ ለእኔ ሠርግ አይደለም። የቤሌ መንገድ ደግሞ ቁልቁል በወረደ ቁጥር ይግላል፤ የእኔ ዲኤክስ መኪና መስታወት እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው።

ልጃችን ኤልያስ መምህር ነው፤ "አባ፣ ጥቁሩ ይለጠፍና ነገሩ ይለቅ" አለ። እናቱም ጥቁሩን አለች። እኔ ግን ፊደል ያለ አስተማሪ ቆጠርኩ፣ መንዳት ያለ አስተማሪ ተማርኩ፣ ወፍጮ ቤቴን በቀን ብርሃን ሰው እያየኝ አቆምኩ። በስተርጅና እንደ ሌባ ተሸፍኜ በሶዶ መንገድ አልነዳም። "ችግሩ ፀሐይ ከሆነ ቀላሉ ይበቃል" አልኩ።

አማረች ቅባቷን ይዛ ጓዳ ገባች። ስትቆጣ እንዲህ ናት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 8

ለሙከራ ብቻ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ብዬ ጥቁሩን አስለጠፍኩ። ሀብቴ በሳሙና ውሃ ለጠፈ፣ አረፋውን ገፍቶ አወጣ፣ ምላጩን ጠረገና "እስኪደርቅ ድረስ መስታወቱን እንዳያወርዱ፤ ይላጣል" ብሎ አስጠነቀቀኝ። እሺ አልኩ። ጥፋቱ ከዚህ ጀመረ።

ወደ ቤት ስመለስ ዱቡሻው ላይ ለቅሶ ተቀምጠዋል። የሰፈራችን ሽማግሌዎች ለለቅሶም ለእርቅም የሚሰበሰቡበት ሜዳ ነው። ድሮ በዚያ በበቅሎ የሚያልፍ ሰው ወርዶ በእግሩ ያልፍ ነበር። ዛሬ መኪና የያዘ ሰው ቀስ ይላል፣ እጁን ያነሣል፣ በወላይትኛ "ሳሮ" ብሎ ሰላም ይላል። እኔም ቀስ አልኩ፤ እጄን አነሣሁ።

ሽማግሌዎቹ በሙሉ ከተቀመጡበት ተነሡ። ባልቻ ኮፍያውን አወለቀ። ባልቻ ጎረቤቴ ነው፤ ለእኔ ኮፍያ አውልቆ አያውቅም። ምን ነካቸው እያልኩ አለፍኩ።

ማታውን ባልቻ እየጮኸ ግቢዬ ገባ። "ከዞን ሹም የመጣ መስሎን ተነሣን! ታርጋውን ስናይ ለካስ አንጁሎ ነው! ለቅሶ ላይ ሰው መስታወት ዘግቶ ያልፋል?"

"እጄን አንሥቻለሁ።"

"የት አለ እጅህ? ማን አየው?"

እውነቱን ነው። እጄ ከመስታወቱ ውስጥ ቀርቷል።

"ሹመት አገኘህ እንዴ?" አለ ሊወጣ ሲል። "ከግንቦቱ ምርጫ በፊት ነው ወይስ በኋላ?"

 ይህ ነው ያናደደኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 9

ሀብቴ ሱቁን ሲከፍት በር ላይ ቆሜ አገኘኝ። ጥቁሩን አስላጥኩት። "ጋሼ፣ የአንድ ቀን ሹመት አይበቃዎትም?" አለ። ወሬው ሱቁ ድረስ ደርሷል ማለት ነው።

የሦስቱንም ቁራጭ ይዤ ወደ ቤት መጣሁ። ኤልያስ ጥቁር ሲሆን የበለጠ ያቀዘቅዛል ይላል፤ ሀብቴም ይላል። ማንም ግን አልሞከረም። ሦስት አሮጌ የመስኮት መስታወቶች ከወፍጮ ቤት አመጣሁ፣ ላስቲኮቹን ለጠፍኩባቸው፣ ሦስት ሳህን ላይ እኩል እኩል ቅቤ አድርጌ መስታወቶቹን ከደንኩባቸው። ግቢው መሃል ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩና በርጩማ ይዤ ተቀመጥኩ። ዶሮዎቹን ማባረር ነበረብኝ።

ከቀላሉ ሥር ያለው ቀድሞ ፈሰሰ። እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ፤ ቀላሉ አይበቃም። የመካከለኛውና የጥቁሩ ግን እኩል ቆይተው እኩል ቀለጡ። ጥቁሩ መስታወት ራሱ ሲነኩት ይፋጃል። ስለዚህ ከመካከለኛው በላይ ማጥቆር ትርፉ ጨለማ ብቻ ነው። ረታሁ!

አማረችን ጠራኋት። ከጥላው ሳትወጣ ሳህኖቹን አየች።

"ቅቤዬን ጨረስከው" አለች።

"ውጤቱን እይ እንጂ።"

"የኤልያስ አባት፣ ሞቀኝ አልኩህ እንዴ? ቅቤው ቢቀልጥ ባይቀልጥ እኔ ምን አገባኝ? ፊቴን ነው የምልህ። እንዳያዩኝ ነው።"

በወላይትኛ ያለችውን እዚህ በአማርኛ ስጽፈው ለሰለሰ። እንዲህ ለስላሳ አልነበረም።

ከዚያ ቀስ እያለች ነገረችኝ። መጨረሻ ቤተ ክርስቲያን የሄደችበት እሑድ አጠገቧ የተቀመጠች ሴት ፊቷን አይታ፣ ልጇን አቅፋ ተነሥታ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። መዝሙር እየተዘመረ ነበር። አማረችም እስከ መጨረሻው ቆማ ዘመረች። ከዚያ ወዲህ አልሄደችም።

እኔ ፀሐይ ነው ብዬ ነበር። እሑድ እሑድ ሰው ሲጠይቀኝ "ፀሐይ አይስማማትም" እል ነበር።

ሴትየዋ ማን እንደሆነች ጠየቅኳት። አልነገረችኝም። ብትነግረኝ ቤቷ ድረስ እሄድ እንደነበር ታውቃለች።

ሐሙስ፣ የካቲት 10

ሳስብ አደርኩ፤ ሐሳቤ አልተለወጠም። እንዲያውም ባሰብኝ። አማረች የሰው ገንዘብ አልበላች፣ በሐሰት አልመሰከረች። የምትደበቀው ለምንድን ነው? ይደበቁ የተባለ እንደሆነ መደበቅ ያለባት ወንበር የቀየረችው ናት።

መካከለኛውን በሁሉም መስታወት አስለጠፍኩ። ለአማረች ስነግራት "እንግዲያው አልሄድም" አለች።

"መኪናው የማን ነው?" አልኩ።

"ፊቱስ የማን ነው?" አለች።

እዚህ ላይ ቆምን። ምሳ ቀረበ። የሚያቃጥለውን ዳጣ አብዝታበታለች፤ አውቃ ነው። ዓይኔ እንባ እያቀረረ በላሁ፤ ውሃም አልጠየቅኩም።

ከሰዓት ሀብቴ ዘንድ ተመለስኩ። ከኋላ በቀኝ በኩል ያለውን አንዱን ብቻ ልጠህ በምትኩ ጥቁሩን ለጥፍ አልኩት።

"አንዱን ብቻ? ጋሼ፣ መኪናዋ አንድ ዓይኗን የታመመች ትመስላለች እኮ። ሰው ሀብቴ አበደ ይለኛል።"

"አንጁሎ አበደ በላቸው። ለጥፍ።"

ለጠፈ። ይህ መሸነፍ አይደለም። ፊቱ የእሷ ነው፤ ስለዚህ ወንበሩን እሷ ትምረጥ። ከፈለገች ከፊት እኔ አጠገብ፣ ከፈለገች ከኋላ ከጥቁሩ ሥር። ነገርኳት። "አየዋለሁ" አለች። አልሄድም ግን አላለችም።

አርብ፣ የካቲት 11

ጎማ ተነፋ። ራዲያተሩ ውሃ ተሞላ። ከቅቤው የተረፈው ተነጥሮ በጣሳ ሆነ፤ ለሙሽራዋ። ዳጣ በብልቃጥ፤ ለወርቄ። ጃንጥላ። የሐኪሙ ቅባት። ኤልያስ ተማሪዎቹን ይፈትናል፤ አይሄድም።

ኤልያስ መኪናውን ዞሮ አይቶ ሊስቅ ፈለገ፤ ፊቴን ሲያይ ተወው።

አማረች የሠርግ ልብሷን ስትተኩስ አየኋት። አልፌ ወደ መኪናው ወጣሁ። አንዳንድ ጊዜ መናገር ማበላሸት ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 12፣ ቤሌ

ይህን የምጽፈው በወርቄ ቤት፣ እንግዳው ሲቀንስ ነው።

ጠዋት አማረች የኋላውን በር ከፈተችና ከጥቁሩ ሥር ተቀመጠች። ሙሉ መንገድ እንደ ታክሲ ሾፌር ብቻዬን ከፊት ሆኜ ነዳሁ። ቁልቁለቱን ስንጀምር ሙቀቱ መጣ። "ሞቀሽ?" እላለሁ፤ "ንዳ" ትላለች። በመስታወት ወደ ኋላ ሳይ የነጠላዋን ነጭ እንጂ ሌላ አላይም።

ቤሌ ልንደርስ ስንል ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። ጢም ገና ያላበቀለ ልጅ ነው። መካከለኛውን አይቶ አለፈው። ጥቁሩ ጋ ሲደርስ ግንባሩን አስጠግቶ፣ በእጁ ከልሎ ወደ ውስጥ አጮለቀ።

"አባባ፣ ምን ጭነው ነው?"

"ሚስቴን።"

"እዚህ ጨለማ ውስጥ?" አላመነኝም። "ይክፈቱት። በዚህ መንገድ ኮንትሮባንድ ያልፋል።"

ወርጄ በሩ ፊት ቆምኩ። ሚስቴ ዕቃ አይደለችም፣ እሷ ካልፈቀደች ይህ በር አይከፈትም አልኩት። "አባባ፣ ሥራዬን አያስተጓጉሉ" አለ። "ሥራህን ሥራ፤ በሩን ግን አትነካም" አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ከብት የሚነዱ ሰዎች ቆመው ያዩናል።

በሩ ከውስጥ ተከፈተ።

አማረች ወረደች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ወድቋል። በዚያ ሁሉ ፀሐይ፣ በባዶ ፊቷ፣ ልጁ ፊት ቀጥ ብላ ቆመች። "ኮንትሮባንዱ እኔ ነኝ" አለችው። "በል ፈትሽ።"

ልጁ ፊቷን አየ። እኔ የማየው የእሱን ዓይን ነበር። ቢሸሽ ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም። አልሸሸም። "ይቅርታ እማማ" አለ፤ "ፀሐዩ ከባድ ነው፤ ይግቡ።"

እሷ ግን አልተመለሰችበትም። የኋላውን በር በኃይል ዘጋችው፣ ዞረች፣ ከፊት ገብታ ተቀመጠች። "ሰው ሲደበቅ እንደ ዕቃ ይቆጠራል ለካ!" እያለች ስታጉረመርም ሰማኋት።

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። "ጥቁሩ ይላጥ። የቀሩትም ይላጡ። ከውስጥ ያለው ሰው መታየት አለበት።"

"ጥቁሩን አሁኑኑ እልጠዋለሁ። የቀሩትን አልነካም።"

"አባባ!"

"ሰው ይታይ ነው ያልከው አይደል?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ና፣ እዚህ ቁም። እኔ ጀርባዬን ሰጥቻለሁ። ሚስቴ አሁን ምን እያደረገች እንደሆነ ንገረኝ።"

ልጁ በመካከለኛው ላስቲክ በኩል አየ። 

"እየሳቁ ነው" አለ።

"አትዋሽ።"

"እውነቴን ነው አባባ። በእርስዎ መሰለኝ የሚስቁት።"

ዞርኩ። በእኔ ነበር። ጥርሷ ሁሉ ይታያል። መካከለኛው ላስቲክ ጥርስ ያሳያል፤ ይህን በቅቤ መሞከር አይቻልም ነበር።

ልጁ ሂዱ አለን። ጥቁሩን እዚያው መንገድ ዳር በምላጭ ላጥኩት።

ሠርጉ ላይ አማረች ዳሱ ሥር ተቀመጠች። ሙሽራዋ አንገቷን ይዛ አልለቅ አለች፤ ሚዜዎቹ ናቸው ያላቀቋት። አንዲት አሮጊት ጮክ ብላ "ፊትሽን ምን ነካው?" ብላ ጠየቀቻት። አማረችም "ፀሐይ" አለች። አሮጊቷ "ኧረ የኛ ፀሐይስ!" ብላ ጎደሬዋን መብላት ቀጠለች። ያለቀው በዚህ ነው። ከሩቅ የሚያዩም ነበሩ። እኔም መልሼ አየኋቸው።

እሑድ፣ የካቲት 13

ተመልሰናል። መንገድ ላይ በቆመችባት በዚያች ጥቂት ጊዜ ግራ ጉንጯ ቀልቷል። ቅባቱን አድርጋለች። እስኪበርድ ድረስ እሰጋለሁ፤ ይህን ግን አልነገርኳትም።

ከቤሌ ስንነሣ የትኛውን በር እንደምትከፍት ቆሜ ጠበቅኩ። የፊቱን ከፈተች። በመንገድ ላይ ስለ ሠርጉ አወራች፤ ስለ ሥጋው ማነስ፣ ስለ ሙሽራው እናት አፈኛነት። ላስቲኩን ጥሩ ነው አላለችም። እኔም አልጠየቅኩም። የሚመጣው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትሄድ እንደሆነም አልጠየቅኩም።

ሰፈር ስንደርስ ዱቡሻው ላይ አሁንም ተቀምጠዋል። ቀስ አልኩ። መስታወቱን ታወርድ እንደሆነ በጎን አየኋት፤ አላወረደችም። ነጠላዋንም ሳብ አድርጋ ጉንጯን ሸፈነች። እኔ እጄን አነሣሁ። ባልቻ አንገቱን አስግጎ ወደ እኛ ተመለከተ፤ ዛሬ ማንም አልተነሣም፣ ኮፍያም ያወለቀ የለም።

"ሳሮ፣ አማረች!" ብሎ ጮኸ ባልቻ፤ እኔን ትቶ እሷን። "ሳሮ! ደህና ገባሽ?"

ምን አይቶ ነው ብዬ ዞርኩ። እሷም እጇን አንሥታ ኖሯል።