የእትዬ ማንጠግቦሽ ወረንጦ

ሰኞ፣ ኅዳር 11

አልሠራም አለ። ጉድ ፈላ!

ከጎንደር የተላኩልን የሜሞሪ ቺፖች ዛሬ በአውቶቡስ ደባርቅ ደረሱ። ዘጠኝ ናቸው፤ ጥቃቅን፣ ጥቁር፣ እግራቸው የበዛ፣ መዥገር የመሰሉ። አሮጌው ኮምፒውተራችን የጃናሞራ ገበሬዎችን የዘር እህል ዝርዝር አልይዝ ብሎ ግማሹ ላይ ቆሞብን ነበር። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ጓድ ፈንታሁን፣ "አንቺ አዲስ አበባ ሠልጥነሽ የለ? ክተቻቸው" አለኝ። "ምን ችግር አለው!" አልሁ። ምነው ምላሴን በቆረጠው! ማሽን መክፈት ባስተማሩን ቀን እኔ መርካቶ ጫማ ሳማርጥ ነው የዋልሁት።

እጄ እየተንቀጠቀጠ ሰካኋቸው። ብርድ ነው ብዬ ራሴን አታለልሁ። ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ማሽኑ አንዴ ጮኸና ጭልም አለ። ጓድ ፈንታሁንን "አዲስ ሜሞሪ ማደር አለበት" አልሁት። እንደ ሊጥ! እሱም አመነኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። ቢሮ የሚያጸዱት እትዬ ማንጠግቦሽ ከቤተ ክርስቲያን ጸበል በጠርሙስ ይዘው መጡና ቤቱን ሁሉ ረጩ። እኔንም፣ የማሽኑን መሸፈኛም።

ጓድ ፈንታሁን ገብቶ ማሽኑን ቢያስነሣው ድርግም። መሸፈኛውን ዳሰሰ፤ እርጥብ ነው። "ማነው ውኃ ያፈሰሰበት?"

አፌ ቀደመኝ። "እትዬ ናቸው፣ ጸበል ረጭተውበታል።"

"አሻጥር ነው!" ብሎ ጮኸ። እዚያው አሰናበታቸው። መጥረጊያቸውን ከበሩ ኋላ አቁመው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። አንድ ቃል አልተናገሩም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 13

እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ጓድ ፈንታሁን ለጎንደር ዋና መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አረቀቀ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ በኋላ ቀር ልማድ የመንግሥት ንብረት አበላሽታለችና ትጠየቅ ይላል። በዚህ ጊዜ በአሻጥር ተጠርጥሮ ቶሎ ቤቱ የተመለሰ ማን አለ?

ደብዳቤውን በታይፕ የምመታውስ ማን ነው? እኔ። ሦስቴ ተሳሳትሁ፣ ሦስቴ ወረቀት ቀየርሁ። ዓርብ በአውቶቡስ ይሄዳል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 14

በምሳ ሰዓት ብቻዬን ማሽኑን ከፈትሁት። ቺፖቹን አንድ በአንድ ነቅዬ አየሁ። ሰባተኛው ላይ አንዲት እግር ከቀዳዳዋ ሳትገባ ወደ ሆዱ ታጥፋ ተገኘች። ያ ሁሉ ጉድ በዚች! በጥፍሬ ብሞክር አልያዝ አለች። ወረንጦ ያስፈልጋል። ደህና ወረንጦ ያለው ደግሞ ማን ጋ ነው? እትዬ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉት።

ሄድሁ። ደጃቸው ተቀምጠው ባቄላ ይለቅማሉ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፍቼ፣ "እሾህ ወግቶኝ ነው፣ ወረንጦዎን ያውሱኝ" አልሁ።

"ውይ ልጄን! አምጪ እግርሽን፣ እኔ ላውጣልሽ" ብለው ተንበረከኩ።

"ቤት አወጣዋለሁ" ብዬ ከእጃቸው ተቀብዬ ሮጥሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ዓርብ፣ ኅዳር 15

ጠዋት፣ ጓድ ፈንታሁን ሳይገባ፣ እግሯ በወረንጦው ተቃናች። ቺፑን መልሼ ሰካሁት። ማሽኑ ተነሥቶ ሜሞሪውን እስከ መጨረሻው ቆጠረ፤ ዝርዝሩም ሙሉው ገባ። እልል ልል ስል ጓድ ፈንታሁን ከኋላዬ፣ "አየሽ? ውኃው ሲደርቅ ተነሣ! የሴትዮዋ ጥፋት ተረጋገጠ" ብሎ ደብዳቤው ላይ ፈረመ።

ክው አልሁ። አውቶቡሱ ጡሩምባውን እየነፋ ነው።

"ጓድ፣ ውኃ አይደለም፤ እኔ ነኝ።" የታጠፈችውን እግር፣ መርካቶን፣ የጫማውን ነገር፣ ሁሉንም ዘረገፍሁት። ጫማዬን አየ። ከዚያ ደብዳቤውን ቀደደና፣ "ሌላ ምቺ። ስምሽን ራስሽ አስገቢበት" አለኝ። መታሁት። አንድም ፊደል አልተሳሳትሁም። በዚያው አውቶቡስ ሄደ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 16

እትዬ ሰኞ ሥራ ይግቡ ተብሏል። ወረንጦውን ይዤ ሄድሁና እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ክንዴን ይዘው አነሡኝ።

"ባለፈው ሰኞ እጅሽ ሲንቀጠቀጥ በመስኮት አይቼሻለሁ" አሉኝ። "ጸበሉን ለዕቃው የረጨሁ መሰለሽ እንዴ? ላንቺ ነው እንጂ።"

"ታዲያ ምነው ያኔ ዝም አሉ?"

"እኔ ብናገር ማን ያምነኛል፣ ልጄ? መናገር የነበረብሽ አንቺ ነሽ።"

ወረንጦውን መልሼ ከማተባቸው ጋር አሰርሁላቸው፤ ቋጠሮው እንቢ ብሎኝ ሁለቴ ታገልሁ። እሳቸው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ጠበቁኝ። የጎንደር መልስ ገና አልመጣም።